ባለቤቴ ያልፈረሰ ጋብቻ እንዳለው ደረስኩበት፤ ፍቺ ልጠይቅ ወይስ ጋብቻው እንዲፈርስ ልክሰስ?

ጠያቂ፦ እህታችሁ ከአዲስ አበባ

ውድ ወገኖቼ፣ የሕግ ዕውቀት ያላችሁ ወይም በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ ምክራችሁን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከባለቤቴ ጋር የተጋባነው ከ14 ወራት በፊት ነው። አዲስ አበባ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ከተፈራረምን በኋላ ወላጆቻችን ባሉበት ደግሰን፣ መርቀውን ነው ትዳር የጀመርነው። እርሱ የሚኖረው በአሜሪካ በቨርጂኒያ ግዛት ሲሆን፣ በምዝገባው ዕለት ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ በቃለ መሐላ የተረጋገጠ ወረቀት አቅርቦ ነበር። ከሠርጉ በኋላ ሁለት ወር አብሮኝ ቆይቶ ተመለሰ፤ ከዚያም አንድ ጊዜ መጥቶ ሄዷል።

ወደ እርሱ የምሄድበት ፕሮሰስ ሲጀመር ጉዳዩን የያዘው የዚያ አገር ጠበቃ የጎደሉትን ሰነዶች ዘርዝሮ ጻፈ፤ ደብዳቤው ለእኔም ተላከልኝ። ከዝርዝሩ መካከል «የቀድሞው ጋብቻ የፈረሰበት የፍርድ ቤት ውሳኔ» የሚል ነበር። ባለቤቴን ስጠይቀው መጀመሪያ ካደ፤ ቆይቶ ግን እዚያው ቨርጂኒያ ከአንዲት ሴት ጋር ተጋብቶ እንደነበር፣ ከተለያዩ ዓመታት እንዳለፉ፣ «የቀረው ወረቀቱ ብቻ» እንደሆነ ነገረኝ። ይህን ካወቅሁ አምስት ወር ሊሞላ ነው። ሽማግሌዎች መጥተው «እዚያ ያለውን ይጨርስና እንደገና ትፈራረማላችሁ» ብለውኛል፤ እኔ ግን በውሸት በተጀመረ ትዳር ውስጥ መቆየት አልፈልግም።

አሁን የጨነቀኝ መንገዱ ነው። እናቴ ልጄ «ፈት» ተብላ እንዳትጠራ ብላ ጋብቻው ከመነሻው እንዳልነበረ በፍርድ ቤት እንዲሰረዝ ትፈልጋለች። ይህ በአገራችን ሕግ ይቻላል? ከተቻለስ ከፍቺ በምን ይለያል? አንዲት ጎረቤቴ ደግሞ «ስድስት ወር ካለፈሽ መብትሽ ይቀራል» ብላ አስደንግጣኛለች። ከጋብቻው በፊት ባጠራቀምኩት ገንዘብ ከሠርጉ በኋላ በስሜ የገዛሁት መኪናም አለ፤ እርሱ በስልክ «እኩል እንካፈላለን» ማለት ጀምሯል።

መልስ፦ ታዛቢ

እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ነገር ግን ሚስት ያለው ሰው የሚፈጽመው ሁለተኛ ጋብቻ በሕግ ፊት ዋጋ እንደሌለው ሁሉም ያውቃል። የሌለን ነገር ማፍረስ አይቻልምና ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ከሚንከራተቱ ወረቀቱን ወዲያ ጥለው ኑሮዎን ቢቀጥሉ ይሻላል እላለሁ።

መልስ፦ በቤተሰብ ጉዳይ የምሠራ ጠበቃ፣ አዲስ አበባ

ከላይ የተሰጠው አስተያየት በቅን ልቦና የተሰጠ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ሆኖም ጠያቂያችን ቢከተሉት ከባድ ችግር ውስጥ ስለሚከታቸው አስቀድሜ እርሱን ማረም አለብኝ። በአዲስ አበባ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ሕግን ጥሶ የተፈጸመ ጋብቻ በራሱ ጊዜ ይጠፋል አይልም። እንዲህ ያለው ጋብቻ የሚፈርሰው በፍርድ ነው፤ የጋብቻን መፍረስ የመወሰን ሥልጣን ያለውም ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ሽማግሌም ሆነ የንስሐ አባት፣ ወይም ተጋቢዎቹ ራሳቸው ወረቀት በመቅደድ ሊያፈርሱት አይችሉም። ነገ ሌላ ጋብቻ ላስመዝግብ ቢሉ የዛሬው መዝገብ ከፊትዎ ይቆማል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። የሕጉ አንቀጽ 75 ጋብቻ የሚያበቃባቸውን ሦስት ምክንያቶች ያስቀምጣል። አንደኛው የአንደኛው ተጋቢ መሞት ወይም የመጥፋት ውሳኔ ነው፤ ሁለተኛው ለጋብቻ አስፈላጊ ከሆኑት ሁኔታዎች አንዱ በመጣሱ ፍርድ ቤት ጋብቻው እንዲፈርስ ሲያዝ ነው፤ ሦስተኛው ፍቺ ነው። እናትዎ «ይሰረዝ» የሚሉት ሁለተኛውን መሆኑ ነው። ልብ ይበሉ፤ ሕጉ በሁለተኛውም የሚጠቀመው ቃል «መፍረስ» የሚል ነው እንጂ «እንዳልነበረ ይቆጠራል» የሚል አይደለም። ይህ የቃላት ምርጫ ያለ ምክንያት የመጣ አይመስለኝም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ይህንኑ መንገድ ነበር የተከተለው። ጋብቻው ሲፈርስ የሚፈርሰው ከውሳኔው ወደ ፊት ነው፤ ባለፉት 14 ወራት የተፈጠረው የንብረት ግንኙነትም ሆነ ልጅ ካለ የልጁ መብት ወደ ኋላ ተመልሶ አይጠፋም። ስለዚህ ለእናትዎ በቅንነት ሊነገራቸው የሚገባው፣ ታሪኩን ከመዝገብ የሚፍቅ ፍርድ አለመኖሩን ነው። ልዩነቱ ያለው በፍርዱ ምክንያት ላይ ነው፦ የፍርዱ ግልባጭ ጋብቻው የፈረሰው ባልየው በጋብቻ ላይ ጋብቻ በመፈጸሙ መሆኑን ይናገራል። ይህ ለሰው ሕሊና ቀላል ነገር እንዳልሆነ ከደንበኞቼ አይቻለሁ።

ጋብቻን ለማፍረስ የሚያበቁት ምክንያቶች የተቆጠሩ ናቸው። ከተጋቢዎቹ አንዳቸው 18 ዓመት ሳይሞላቸው የተፈጸመ ጋብቻ አንዱ ነው፤ በዚህ ጊዜ ጥቅም ያለው ማንኛውም ሰው ወይም ዐቃቤ ሕግ ማመልከት ይችላል፣ ዕድሜው ከሞላ በኋላ ግን ጥያቄው አይነሳም። ወንድ ከእህቱ ወይም ከአክስቱ፣ ሴትም ከወንድሟ ወይም ከአጎቷ የሚፈጽሙት ጋብቻ፣ እንዲሁም ከሚስት እህት ወይም ከባል ወንድም ጋር የሚፈጸም ጋብቻ በዝምድና ምክንያት ይፈርሳል። በፍርድ የተከለከለ ሰው (ማለትም ራሱንና ንብረቱን እንዳያስተዳድር በፍርድ ቤት የታገደ ሰው) ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ የፈጸመው ጋብቻም እንዲሁ። በተቃራኒው፣ ሴት ከቀድሞው ጋብቻ መፍረስ በኋላ 180 ቀናት ሳይሞላት ብታገባ ሕጉን ተላልፋለች፤ ይሁንና በዚህ ብቻ ጋብቻዋ አይፈርስም። ይህን ያነሳሁት ሕግ መጣስ ሁሉ ጋብቻን አያፈርስም ለማለት ነው።

ጎረቤትዎ የነገረችዎት ስድስት ወር ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ግን የእርስዎ ጉዳይ አይደለም። ስድስት ወሩ የተቀመጠው ፈቃድ በኃይል ወይም በስህተት ለተገኘበት ጋብቻ ነው። ተገድዶ ያገባ ሰው ማመልከት ያለበት ግዳጁ በቆመ በ6 ወር ውስጥ ሲሆን፣ በምንም ሁኔታ ግን ጋብቻው ከተፈጸመ ከ2 ዓመት በላይ መዘግየት የለበትም። በመሠረታዊ ስህተት ያገባም ስህተቱን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ከዚህም ጋር ጋብቻው 2 ዓመት ሳይሞላው ማመልከት አለበት። በጋብቻ ላይ የተፈጸመ ጋብቻን በሚመለከተው አንቀጽ 33 ግን እንዲህ ያለ ገደብ አልተጻፈም፤ ከሁለቱ ተጋቢዎች አንዳቸው ወይም ዐቃቤ ሕግ ሲያመለክት እንዲፈርስ ይወሰናል። እንዲያም ሆኖ፣ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ስድስተኛው ወር ሳይሞላ መዝገብ እከፍታለሁ። ምክንያቱን ልንገርዎት፦ ቀዳሚው ጋብቻ በበቂ ማስረጃ ባይረጋገጥ እንኳ «ያላገባ መስሎኝ ተሳስቼ ፈቀድኩ» የሚለውን ክርክር በአማራጭ ለማቅረብ በሩ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ሕጉ ስለ ስህተት በምሳሌነት ያነሳቸው ስለ ማንነት፣ ስለማይድን ወይም ወደ ዘር ስለሚተላለፍ በሽታና ስለመሳሰሉት በመሆኑ ክርክሩ ቀላል ነው አልልዎትም፤ ነገር ግን በእጅ ያለን መከራከሪያ በቀን መቁጠሪያ ምክንያት መጣል ሞኝነት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ማስረጃው ነው። የቀድሞውን ጋብቻ መኖር የሚያስረዱት እርስዎ ነዎት። በስልክ ያመነው ቃል፣ የጠበቃው ደብዳቤና የተጻጻፋችሁት መልእክት ይጠቅማሉ፤ የሚያሳርፈው ግን ከቨርጂኒያ የሚመጣ የተረጋገጠ የጋብቻ ማስረጃ ነው። ያ ሰነድ እዚያው ባሉት ባለሥልጣናት፣ ቀጥሎም በዋሽንግተን በሚገኘው ኤምባሲያችን፣ በመጨረሻም እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ወደ አማርኛ መተርጎም ይኖርበታል። የቀድሞው ጋብቻ ፈርሷል ካለ ደግሞ መፍረሱን የሚያስረዳው እርሱ ነው።

አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይጠብቁ። ባለቤትዎ «ከተለያየን ዓመታት አልፈዋል» የሚለውን ለማስተዛዘኛ ብቻ አይደለም የሚያነሳው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት፣ ተጋቢዎች ለረጅም ጊዜ ተለያይተው የየራሳቸውን ኑሮ ከመሠረቱ ጋብቻው የፍቺ ውሳኔ ባይኖርም በተግባር እንዳበቃ ሊቆጠር እንደሚችል የተቀበለበት አቋም አለ። ተከራካሪው ወገን ይህን ጠቅሶ «የመጀመሪያው ጋብቻዬ በተግባር ሞቷል» ሊል ይችላል። መልሱ በእጅዎ ነው፦ ያ ጋብቻ የተፈጸመውም ተጋቢዎቹ የኖሩትም በሌላ አገር ሕግ ሥር ነው፤ ከዚያም በላይ እርሱ ራሱ በቃለ መሐላ ያለው «ተለያይቻለሁ» ሳይሆን «አላገባሁም» ነው።

የወንጀሉ ጉዳይ ለብቻው ይታያል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 650 በጋብቻ ላይ ጋብቻ መፈጸምን በቀላል እስራት የሚያስቀጣ ሲያደርገው፣ ሁለተኛዋን ተጋቢ እውነተኛ ሁኔታውን ደብቆ ያሳሳተ ከሆነ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል። አቤቱታ ማቅረብ አለማቅረብ የእርስዎ ውሳኔ ነው። ይህንን ለንብረት ድርድር እንደ ማስፈራሪያ እንዳይጠቀሙበት ግን አጥብቄ እመክራለሁ።

መኪናውን በተመለከተ «በስሜ ነው» ማለት አይበቃም። በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። በሌላ በኩል አንቀጽ 58 በግል ገንዘብ የተገዛ ንብረት የግል እንዲባል ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይፈቅዳል። ከሠርጉ በፊት የነበረውን የቁጠባ ሒሳብ የሚያሳይ የባንክ መግለጫ፣ ገንዘቡ ከዚያ ሒሳብ ወጥቶ ለሻጩ የተከፈለበት ሰነድና የሽያጭ ውሉ አንድ ላይ ሲታዩ ገንዘቡ የግልዎ እንደነበር ያስረዳሉ። ጋብቻው የሚፈርሰው በፍቺም ይሁን በሕግ መጣስ፣ ይህንን የማስረዳት ሸክም አይቀርልዎትም።

መልስ፦ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ለዓመታት የሠራሁ

ጠበቃው የጻፉት በሕግ ረገድ ትክክል ነው። እኔ ግን ከመዝገብ ቤት መስኮት ያየሁትን ልናገር። አሁን ባለው ሕግ ፍቺ የሚጠይቅ ሰው ምክንያቱን የመግለጽ ግዴታ የለበትም። «አብሬ መኖር አልፈልግም» ብሎ ማመልከት ይችላል። ፍርድ ቤቱ ተጋቢዎቹን ያነጋግራል፣ በሽማግሌዎች እንዲታይ ሊያደርግ ይችላል፣ እስከ 3 ወር የሚደርስ የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ፍቺውን የሚከለክል ነገር የለም። «ይፍረስልኝ» ብሎ የመጣ ሰው ግን ምክንያቱን በማስረጃ ማቆም አለበት። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሰነድ በመጠበቅ ብቻ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ሲደራረብ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

በሁለቱም መንገድ የሚያጓትተው መጥሪያው ነው። ተጠሪው ውጭ አገር ሲሆን አድራሻው በትክክል ካልታወቀ በጋዜጣ ጥሪ እንዲደረግ ይታዘዛል፤ ጥሪው ታትሞ፣ የታተመበት ዕትም መዝገቡ ላይ ተያይዞ፣ ቀጠሮው እስኪደርስ ወራት ይሄዳሉ። ባለቤትዎ እዚህ በውክልና የሚያንቀሳቅስ ወንድም ወይም ጠበቃ ካለው፣ ውክልናው በፍርድ ቤት ለመከራከር የሚያበቃ መሆኑን አጣርተው አድራሻውን በአቤቱታው ላይ ያስፍሩ። ካልጠፋ ጊዜ በዚህ አንድ መስመር ምክንያት ግማሽ ዓመት የጠፋባቸውን መዝገቦች አስታውሳለሁ።

የእኔ ምክር ፍቺውን ጠይቀው ይገላገሉ የሚል ነው።

መልስ፦ አልፌበታለሁ

እህቴ፣ የእኔ ምክንያት ከእርስዎ የተለየ ቢሆንም የቀኑ ነገር እንዳይቀልብዎት ብዬ ነው የምጽፈው። ባለቤቴ የነበረው ሰው ከጋብቻው በፊት ጀምሮ የሚያውቀው የማይድን ሕመም ነበረበት፤ ደብቆኛል። ያወቅሁት በተጋባን በአንድ ዓመታችን ገደማ መድኃኒቱን አግኝቼ ነው። ወዲያው ወደ ሕግ ከመሄድ ይልቅ ጸበል አብረን ሄድን፣ ሽማግሌ ተቀመጠ፣ የንስሐ አባታችን «ትንሽ ታገሺ» አሉ። እኔም ታገሥኩ። ከሳሽ ሆኜ ችሎት የቀረብኩት ጋብቻው 2 ዓመት ከአንድ ወር ሲሆነው ነው።

የተነገረኝ ግልጽ ነበር፦ የሽምግልናው ጊዜ ከቆጠራው አይቀነስም። በስህተት ምክንያት ይፍረስልኝ ያልኩት ጥያቄ ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ተዘጋ፤ እንደገና በፍቺ አመለከትኩና በዚያ ተለያየን። በውጤቱ ዛሬ ነጻ ነኝ። ቢሆንም ፍርዱ ላይ የተጻፈው ስለተዋሸሁ መለያየታችንን ሳይሆን ስለፈለግሁ መለያየታችንን ነው፤ ያ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ሰነዱን ከሳጥን አውጥቼ እንዳሳይ ማንም አይጠይቀኝም፣ እኔ ግን አውቀዋለሁ።

መልስ፦ ከቨርጂኒያ

ጠያቂዋ የጠቀሱት ግዛት ነዋሪ ስለሆንኩ ማስረጃውን ስለማግኘት ጥቂት ልጨምር። እዚህ የጋብቻ ፈቃድ የሚሰጠው የየአካባቢው ሰርኪዩት ኮርት ጸሐፊ ነው፤ ፍቺም የሚታየው በሰርኪዩት ኮርት ነው። ባለቤትዎ የት ከተማ ወይም ካውንቲ እንደተጋባ ካወቁ ዘመድ ወይም ጠበቃ በመላክ ማኅተም ያለበት የጋብቻ ሰነድ ግልባጭ መጠየቅ ይቻላል፤ በኖረባቸው አካባቢዎች የፍቺ መዝገብ መኖር አለመኖሩንም እግረ መንገድ ያጣራሉ። ግልባጩ ለውጭ አገር እንደሚያገለግል አስቀድመው ይንገሩ፤ የማረጋገጫው ሰንሰለት በግዛቱ ጽሕፈት ቤት ነው የሚጀምረው።

በእኛ ግዛት ሕግ ሚስት እያለው የተፈጸመ ጋብቻ ከመነሻው ዋጋ የለውም። «ታዛቢ» የጻፉት አስተያየት ምናልባት ከዚህ ዓይነት ሕግ ሰምተውት ሊሆን ይችላል። እዚህም ቢሆን ግን አብዛኛው ሰው ለወደፊት ሕይወቱ ወረቀት እንዲኖረው ሲል ፍርድ ቤት ያስወስናል። ሌላው ደግሞ የፕሮሰሱ ጉዳይ ነው፦ የአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ባል ለሚስቱ ሲያመለክት የቀደሙ ጋብቻዎች ሁሉ መፍረሳቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቃል። ስለዚህ የተጀመረው ማመልከቻ ላይ እርስዎ የፈረሙት ወረቀት ካለ፣ አሁን እውነቱን እያወቁ ሌላ ወረቀት እንዳይፈርሙ ይጠንቀቁ። አንድ ቀን በሌላ ምክንያት ለቪዛ ቢያመለክቱ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።

ጠያቂ፦ እህታችሁ ከአዲስ አበባ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በመጀመሪያው ጽሑፌ ለመግለጽ የተሸማቀቅሁበት አንድ ነገር አለ፤ የአራት ወር እርጉዝ ነኝ። ነገሩን ካወቅሁ በኋላ መጥቶ በነበረበት ጊዜ፣ ይቅርታ ጠይቆኝ ለማስታረቅ በተሞከረበት ሰሞን የሆነ ነው። ጋብቻው በሕግ ጥሰት ምክንያት ከፈረሰ ልጄ ያለ አባት ይቀራል ብለው የሚያስፈራሩኝ አሉ። በተጨማሪም ባለቤቴ ትናንት ደውሎ እዚያ ፍቺውን ማስጀመሩን፣ በጥቂት ወራት እንደሚያልቅና ከዚያ በኋላ የእኛ ጋብቻ «እንደሚጸድቅ» ነግሮኛል። ይህ እውነት ነው?

መልስ፦ በቤተሰብ ጉዳይ የምሠራ ጠበቃ፣ አዲስ አበባ

በልጁ ልጀምር፤ ማንም በዚህ አያስፈራራዎት። በጋብቻ ውስጥ የተጸነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው። ሕጉ ጋብቻው ከተፈጸመ 180 ቀናት ካለፉ በኋላ፣ ወይም ጋብቻው ከፈረሰ በ300 ቀናት ውስጥ የተወለደን ልጅ በጋብቻ ውስጥ እንደተጸነሰ ይቆጥረዋል። ቀደም ብዬ እንዳልኩት ጋብቻው በፍርድ እስኪፈርስ ድረስ ጋብቻ ስለሆነ፣ እርስዎ ያገቡት ከ14 ወራት በፊት፣ ያረገዙትም በጋብቻው ውስጥ በመሆኑ ልጁ በሁለቱም መለኪያ የተጠበቀ ነው። የቀለብ ጥያቄም በዚያው መዝገብ ወይም በኋላ ሊቀርብ ይችላል። ከዚህ ሁሉ በላይ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ስለዚህ በጣም በከፋው ግምት እንኳ ልጅዎ የሚያጣው መብት የለም።

ነገሩን ካወቁ በኋላ አብራችሁ መቆየታችሁ በስህተት ላይ የሚመሠረተውን ክርክር ሊያዳክም ይችላል፤ ተከራካሪው «አውቃ ተቀብላኛለች» ይላል። በጋብቻ ላይ ጋብቻ የሚለውን ምክንያት ግን አይነካውም፤ ምክንያቱም ያ ክልከላ የተጋቢዎችን ፈቃድ ለመጠበቅ ብቻ የቆመ አይደለም፣ ዐቃቤ ሕግም የሚያነሳው ለዚህ ነው። ዋናውን ጥያቄ በአንቀጽ 11 እና 33 ላይ ያቁሙ የምለውም በዚህ ምክንያት ነው።

«ይጸድቃል» ስለሚለው፣ እኔ አልቀበለውም። አንቀጽ 11 የሚለው ሰው በቀድሞ ጋብቻ ታስሮ ባለበት ጊዜ ሌላ ጋብቻ መፈጸም አይችልም ነው፤ የሚታየውም የተፈራረማችሁበት ዕለት ነው። በዚያ ዕለት ባለትዳር ነበር። ነገር ግን ከወራት በኋላ የፍቺ ውሳኔ ይዞ ችሎት ቢቀርብ፣ ዳኛው «አሁን ሌላ ጋብቻ የለውም፣ ምን እናፍርስ?» ብሎ እንዲያመነታ ዕድል ይከፍትለታል። ስለዚህ ያ ፍቺ ከማለቁ በፊት መዝገብዎ ተከፍቶ ቢገኝ ይመረጣል። አሁን የጀመረው የፍቺ ክስ ደግሞ ሳያስበው ሰነድ ሰጥቶዎታል፤ ጋብቻ የሌለው ሰው ፍቺ አይጠይቅም። ከቨርጂኒያ የጻፉልን ወገናችን ባመለከቱት መንገድ የዚያን ክስ ግልባጭ ያስወጡ።

የመዝገብ ቤቱ ባለሙያ ፍቺ ይፈጥናል ያሉት እውነት ነው፣ አልከራከራቸውም። እኔ የምለየው በአንድ ነገር ነው። ፍቺ ብቻውን ከተጠየቀ ፍርዱ ስለ ቀድሞው ጋብቻ አንዲት ቃል ላይናገር ይችላል፤ ጠያቂያችን ደግሞ የመጡት ያ እንዲነገር ፈልገው ነው። ሁለቱን መምረጥም ግድ አይደለም። በአቤቱታው የዳኝነት ጥያቄ ላይ በመጀመሪያ ጋብቻው የቀድሞ ጋብቻ ሳይፈርስ የተፈጸመ በመሆኑ እንዲፈርስ፣ ይህ ባይረጋገጥ በአማራጭ የፍቺ ውሳኔ እንዲሰጥ፣ በሁለቱም ሁኔታ መኪናው የግል ንብረት ነው እንዲባልና ለሚወለደው ልጅ ቀለብ እንዲወሰን ተብሎ ይጻፋል። ማስረጃው ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ድረስም ሰነዱ የት እንደሚገኝ በማስረጃ ዝርዝሩ ላይ ተጠቅሶ መዝገቡ ሊከፈት ይችላል።

አቤቱታውን ሲያስጽፉ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን፣ እርሱ ያቀረበውን የቃለ መሐላ ወረቀት ግልባጭና የባንክ መግለጫዎን ይዘው ይሂዱ። የቃለ መሐላው ግልባጭ እጅዎ ላይ ከሌለ ጋብቻው ከተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት ያስወጡት፤ ካልሰጡዎትም ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርበው በዚያው አቤቱታ ላይ ይጠይቁ።